እሳት የማይወጣበት ቤት

ሰውየው አየርላንዳዊ ነበሩ። ቢከን ሂል ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ አሮጌ የእንጨት ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸው ሰማንያ አምስትን አልፏል። ባለቤታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንድ ወንድ ልጃቸው ሌላ ስቴት ነው የሚኖረው። እኔ በሆም ኬር ኤጀንሲ ተቀጥሬ በሳምንት አምስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት እሳቸው ዘንድ እሠራ ነበር። ገላቸውን አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳለሁ፣ ምሳ አበስላለሁ፣ ሐኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ። ከዚያ በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ወደ ፌደራል ዌይ፣ ወደ ቤቴ እነዳለሁ።

የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱ የለውም። እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የኩሽናውን ወለል ወልውዬ የባልዲውን ውሃ በጓሮ በር ልደፋ ስል ከወንበራቸው ተጣሩ። ዝም ብለሽ አትድፊ፣ መጀመሪያ ድምፅ አሰሚ፣ መንገዱ ላይ ማን እንዳለ አታውቂም አሉኝ። ጓሮው ውስጥ ማንም አልነበረም። የማይታዩትን ማለታቸው እንደሆነ ግን ወዲያው ገባኝና ሳቄ መጣ። እናቴ "በስመ አብ" ሳትል ሙቅ ውሃ ውጭ ደፍታ አታውቅም። እኔ አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ውሃ የምደፋው ሲንክ ውስጥ ስለሆነ ነገሩን ረስቼው ነበር። ይህንን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

"በእናንተም አገር አሉ ማለት ነው?" አሉኝ።

"አሉ" አልኳቸው።

ወዳጅነታችን የጀመረው በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ነገር ይነግሩኝ ነበር። በእነሱ ገጠር እንግዳ በገባበት በር ነው የሚወጣው፤ በሌላ በር ከወጣ የቤቱን ሲሳይ ይዞ ይሄዳል። እኔ በፊት በር ገብቼ ቆሻሻ ለመጣል በጓሮ በር ወጥቼ በዚያው ወደ መኪናዬ የሄድኩ ቀን በመስኮት አንኳኩተው መልሰውኛል። ቅቤ እየተናጠ ቤት የገባ ሰው አንድ ሁለት ጊዜ ሳይንጥ መሄድ የለበትም፤ ሳይንጥ ከሄደ ቅቤው አይወጣም። ቀይ ፀጉር ያላት ሴት መንገድ ላይ ያጋጠመችው ገበያተኛ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምድጃ ደግሞ አይጠፋም። የቤቱ ሴት ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍና፣ ጸሎት ደግማበት ታድራለች፤ ጠዋት ገልጣ ታቀጣጥለዋለች። ሳሎናቸው ውስጥ ትንሽ የብረት ምድጃ ስለነበረች ከመሄዴ በፊት እኔ ነበርኩ የማዳፍነው። ማዳፈን የምንለውን ቃል አስተማርኳቸው። አፋቸውን አጣመው ይሉታል።

በተለይ በሜይ ወር የመጀመሪያ ቀን ከቤት እሳት፣ ወተት፣ አመድ እንኳ አይወጣም። በዚያ ቀን እሳት የሰጠ የዓመቱን ቅቤ ሰጠ። አንድ ጊዜ በዚሁ ቀን ጎረቤታቸው፣ ወጣት ሰው ነው፣ ባርቤኪው ሊለኩስ ክብሪት ሊጠይቅ መጣ። ክብሪቱ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የለንም አሉት። ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔም የለንም አልኩ። በሩን ስንዘጋ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ግን ሳቃቸውን አቋርጠው፣ እናታቸው በዚያ ቀን ለአንዲት ጎረቤት ፍም ከልክላ ሴትዮዋ እንደረገመቻት፣ ክረምቱን ሙሉ ቅቤው እንዳልወጣ፣ እናታቸው መናጫው ላይ ተደፍታ እንዳለቀሰች ነገሩኝ። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ምድጃው ላይ ነበር። አዘንኩላቸው።

በነሐሴ መጨረሻ ላይ በልጅነታቸው የሚያበሩትን መብራት ሊያሳዩኝ ፈለጉ። ሻማ የሀብታም ነው፣ የእኛ መብራት ቄጠማ ነበር አሉ። ቄጠማ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው በራሳቸው ስም ነው የሚጠሩት። ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ ግንዱ ድቡልቡል የሆነ ረጅም ሣር ነው፤ እኛ የቀዳም ስዑር ለት ራሳችን ላይ የምናስረውን ይመስላል። ከሐይቁ ዳር ካለ ረግረግ ቆርጠን አመጣን። እኔ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ እሳቸው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው በጣታቸው ያመለክቱኝ ነበር። የበግ ሞራ ከየት ይገኛል ሲሉ ሴንትራል ዲስትሪክት ካለ የሐበሻ ሥጋ ቤት ሄጄ ገዛሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ ለምን እንደፈለግሁት ጠየቀኝ፤ ለመብራት ስለው የሥጋ መቁረጫውን አስቀምጦ አየኝ።

ኤጀንሲው ደንበኛ ቤት ውስጥ ከምድጃ ሌላ የሚነድ ነገር አይፈቅድም። ሻማ እንኳ ክልክል ነው። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ የጓሮው በረንዳ ላይ ነው የሠራነው። የቄጠማው አረንጓዴ ልጥ ይላጥና ውስጡ ያለው ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ልብ ይቀራል። ደርቆ በቀለጠ ሞራ ውስጥ ይጎተታል፤ ሲረጋ በብረት መቆንጠጫ ጋደም ብሎ ተይዞ ይለኮሳል። እናቴ ጧፍ ስትሠራ ያደግሁ ስለሆንኩ ሥራው እጄ ላይ አልከበደም። የእሳቸው ግን ይሰበራል። ልጡን ሙልጭ አድርገው ሲልጡት ልቡ ይበጣጠሳል፤ የተረፈውም ቢለኮስ ለአፍታ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የአሜሪካ ቄጠማ አይረባም ይላሉ። እኔም አመንኳቸው።

የእናቴን ታሪክ የነገርኳቸው እዚያ በረንዳ ላይ፣ እጃችን ሞራ እንደነካ ነው። ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር፤ ለባሌም፣ ለእህቴም።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ብርዳም ቀበሌ ነው። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ አምስተኛ ቀኗ ነበር። ዝናቡ ለቀናት ስላላቆመ ኩበቱ ሁሉ ርሶ በየቤቱ እሳት ጠፍቷል። አንዲት ጎረቤታችን ገል ይዛ፣ ገሉ ላይ ትንሽ አመድ አድርጋ፣ ፍም ልትወስድ መጣች። እናቴ ከተኛችበት ሆና "አራስ ቤት እሳት አይወጣም" አለቻት። ሴትዮዋ አልተከራከረችም። ትንሽ በሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ገሉን በመዳፏ ከዝናቡ ጋርዳ ሄደች። ውስጡ ምንም ሳይኖር፣ እሳት እንደያዘ ሰው ጋርዳው ሄደች። በሁለተኛው ቀን ልጇ ሞተ። አሞት እንደነበረ እኔ አላወቅሁም። እናቴ ግን ታውቅ ነበር። ይህንን የነገረችኝ አሜሪካ ልመጣ ስል፣ ሻንጣዬን እያሰረችልኝ፣ እያለቀሰች ነው። ለማንም እንዳታወሪ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ሰውየው ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው እጄን ያዙ። ዝም በማለታቸው አከበርኳቸው። እንዲህ ያለ ሸክም የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ፣ የእሳቸው እናትና የእኔ እናት አንድ ዓይነት ኃጢአት ያለባቸው መስሎኝ፣ ወደ ቤቴ ስነዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለኝ።

ያ ሁሉ በጥር ማለቂያ ፈረሰ።

የሚሄዱበት የካቶሊክ ደብር አዳራሽ ውስጥ የአየርላንድ ዘር ያላቸው ሰዎች የአገራቸውን ባሕል የሚያስቡበት አንድ ከሰዓት ነበር። የአንዲት ቅድስታቸው ዋዜማ ደርሶ ነበርና ሰዉ ከቄጠማ መስቀል እየጎነጎነ ነው። እሳቸው መብራቱን እንዲያሳዩና እንዲያወሩ ተጋብዘዋል። እኔ አምጥቼያቸው ካፖርታቸውን ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ነጭ ፀጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እጃቸው መስቀል እየሠራ ፈገግ አሉልኝ። የሰውየው የሟች ባለቤት ታናሽ እህት ነኝ አሉኝ፤ እሳቸውም ፌደራል ዌይ ነው የሚኖሩት። ጎረቤታሞች ነን ብለን ሳቅን።

ሰውየው ስለ ውሃው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ቅቤው አወሩ። ሰዉ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። እህትዮዋ አልሳቁም። ጎንጉነው የጨረሱትን መስቀል ፈትተው እንደገና ጀመሩ። ከዚያ ሰውየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም አሉ። እናቴ ወንድሜን በወለደች በአምስተኛው ቀን አሉ። ዝናብ ነበር አሉ።

እስከዚያ ድረስ እንኳ አልገባኝም ነበር። አገሮቻችን ስንት ነገር ይመሳሰላሉ ብዬ ነው ያሰብኩት። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመች ሲሉ ግን ቀና ብዬ አየኋቸው። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ባዶውን የሸክላ ስባሪ ከዝናብ ጋርዳ እንዴት እንደሄደች አሳዩ። እኔ በረንዳው ላይ ያሳየኋቸው እንዲያ ነው፤ የቀኙ መዳፍ ከላይ፣ ትከሻ ጎበጥ ብሎ።

ከፊት የተቀመጡ ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። አንድ ሰው ተነስቶ ትከሻቸውን ነካ።

እህትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ይሄኛው የእኛ አይደለም" አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ሌላው ሁሉ የእህቴ ነው። ውሃው፣ በሩ፣ ቅቤው። እናታችን ናት መናጫው ላይ ያለቀሰችው። ይሄንን ግን ከየት እንዳመጣው አላውቅም።"

"የእኔ ነው" አልኳቸው። "የእናቴ ነው።"

ሥራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ብዙ አላወራንም። ሰውየው ገጠር ኖረው እንደማያውቁ ብቻ ነገሩኝ። ያደጉት ከተማ ውስጥ፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች በሚያድጉበት ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ውስጥ ነው። እህታቸው ከገጠር መጥታ ነው ያገባቻቸው። እዚህ አሜሪካ ከመጡ በኋላ ሚስትየዋ በየዓመቱ መስቀሉን በር ላይ ስትሰቅል ሰውየው እያወረዱ ምድጃ ውስጥ ይከቱት ነበር። የረግረግ አገር ጉድ እቤቴ አይግባ ይሏት ነበር። ሰው ፊት ውሃ ስትደፋ ድምፅ ካሰማች ቀኑን ሙሉ አያናግሯትም። በመጨረሻ ተወችው። ወሬውን የጀመሩት እሷ ከሞተች በኋላ ነው።

"ቄጠማው ለምን እንደሚሰበርበት ታውቂያለሽ?" አሉኝ። "ከልጡ አንድ ቀጭን መስመር ይተዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይላጥም። ያ ነው የሚደግፈው። አይቶት ስለማያውቅ ነው።"

ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ጥዬ ልሄድ አስቤ ነበር። ሥራዬ ስለሆነ አልሄድኩም። አለበስኳቸው፣ ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው፣ ቀበቷቸውን አሰርኩ። ደስ ብሏቸዋል፤ ሰዉ እንዴት ጸጥ እንዳለ አየሽ? አሉኝ። ቤታቸው በር ላይ ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ያቺ ሴት የኔ ጎረቤት ናት አልኳቸው።

ከዚያ፣ "የሰጠሽኝ መስሎኝ ነበር" አሉኝ።

"ነገርኩህ እንጂ አልሰጠሁህም።"

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያደጉበት ቤት ምድጃ እንደሌለው ነገሩኝ። ደወል ነበር፣ ግድግዳ ላይ የሚበራ አምፖል ነበር፣ አንድ መቶ አልጋ ነበር። ምሽት ላይ አንድ ሰው በሩ ጋ ቆሞ ማብሪያ ማጥፊያውን ይጫነዋል፤ ሁሉም ይጨልማል። እናቴ ፊቷ ምን እንደሚመስል አላውቅም አሉ። ሰዎች ስለ አገርህ ንገረን ሲሉ የምነግራቸው ምን ነበረኝ?

እውነት ነበር የሚናገሩት። አለመዋሸታቸውን ከድምፃቸው አውቄያለሁ፤ አዝኜም ነበር። ግን ምድጃ ያልነበረው ሰው የሚስቱን መስቀል ለምን ምድጃ ውስጥ ይከታል? ይህንን ጠየቅኳቸው። የመኪናውን በር መክፈቻ በእጃቸው መፈለግ ጀመሩ። ደግፌ አስገባኋቸው፣ የከሰዓቱን መድኃኒት ሰጠኋቸው፣ ወጣሁ። ምድጃውን አላዳፈንኩም።

ቤት ስደርስ ባሌ ምን ሆንሽ አለኝ።

"ሰውየው ሌባ ነው" አልኩት።

"ምን ሰረቀ? ለኤጀንሲው ኮል አድርጊያ።"

ምን እንደሰረቀ ለመንገር ታሪኩን ሁሉ መናገር ነበረብኝ። ተናገርኩ። ባሌ ጨዋ ሰው ነው፤ እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ቴሌቪዥኑን አጠፋና "ሶ፣ እኔ አሥራ ስድስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ ይሄን አልነገርሽኝም" አለኝ። "እሱን ባወቅሽ በዓመትሽ ነገርሽው።" ለእሱ ለምን እንዳልነገርኩት እኔም አላውቅም ነበር። ምናልባት የእናቴን ስም ሲያነሳ እንዳይለወጥብኝ ይሆናል፤ ሰውየው ግን እናቴን አያውቃትም። ይህንን ለባሌ ማስረዳት አልቻልኩም። ትራሱን ይዞ ሶፋው ላይ ተኛ። ጠዋት ቁርስ ስንበላ "አንቱ ማለት ተውሽ?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሳላስበው "ሰረቀ" "ዋሸ" ማለት ጀምሬ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰውየው በእኔ ዘንድ እሱ ሆኖ ቀረ። እሱ ግን አላወቀም፤ በእንግሊዝኛ አይታይም።

በዚያው ሳምንት እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ። ያኔ እህቴ ጋ ከተማ ገብታ ነበር የምትኖረው፤ ጆሮዋ ደከም ስላለ ጮክ ብዬ ነው የማወራት። እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ መናገር ይከብዳል። የነገርሽኝን ለሰው አወራሁ አልኳት። ሰውየው ደግሞ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የራሱ አድርጎ አወራው አልኳት። ይቅር በይኝ አልኳት።

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። 

"ሰዎቹ ምን አሉ?" አለችኝ።

"አለቀሱ።"

"ለማን?"

አልገባኝም። ለሴትዮዋ መሰለኝ፣ ለልጁም፣ ለእናትየውም አልኳት።

"ለእናትየው አያልቅሱላት" አለች። ከዚያ ያልነገረችኝን ነገረችኝ። ከወንድሜ መወለድ በፊት ከዚያች ጎረቤቷ ጋር በምንጩ ተራ ተጣልተው ተኳርፈው ነበር። ሴትዮዋ ሰው ፊት ሰድባታለች። ያን ቀን ገሉን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም እናቴ ደስ አላት። አራስ ቤት እሳት አይወጣም ማለቱ በአገሩ የታወቀ ነው፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። "በታናሽ እህትሽ ጊዜ አውጥቻለሁ" አለችኝ። "በአንቺም ጊዜ። ማንም ሲመጣ እሰጥ ነበር። ለእሷ ብቻ ነው ሕጉ ትዝ ያለኝ።"

ስልኩን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ አንድ ልማድ ስትጠብቅ የጎረቤት ልጅ ሞተ ብዬ ሃያ ዓመት አዘንኩላት። ሻንጣዬን እያሰረች ያለቀሰችው ለካ በሌላ ነገር ነበር። ለእኔም ቢሆን እውነቱን አልነገረችኝም፤ የሚነገረውን ብቻ መርጣ ነው የሰጠችኝ። ይህንን አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር ባሌ ከሳሎን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ልጄ ነሽ" አለች እናቴ። "እንድትንቂኝ አልፈለግሁም።" ቀጥላም፣ "ካወራሽው አይቀር ግን ልክ አድርገሽ አውሪው" አለችኝ።

ስልኩን ስዘጋ ባሌ አጠገቤ ተቀመጠ። የሰማሁትን ነገርኩት፤ በዚህኛው ጊዜ መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው። ከዚያ ሶፋውን ትቶ ወደ አልጋው ተመለሰ።

ኤጀንሲው ሌላ ሰው እስኪያገኝ ሁለት ወር ታገሺ ስላለኝ ወደ ቢከን ሂል መሄዴን ቀጠልኩ። ገላውን አጥባለሁ፣ ጥፍሩን እቆርጣለሁ፣ ሾርባውን አሞቃለሁ። ሥራዬን አላጎደልኩም። አናወራም ማለት ይቻላል። ዝናቡ ቆመ ወይ ይለኛል፤ ቆሟል እለዋለሁ። በጓሮ በር እየወጣሁ ወደ መኪናዬ እሄድ ጀመር፤ አይቶኝ መስኮቱን አያንኳኳም። አንድ ቀን ጀርባውን እያሸሁት ሳለ፣ ያቺ ሴት ከዚያ በኋላ ምን ሆነች? አለኝ። የምሩን ነው የጠየቀው፤ ማወቅ ፈልጎ ነበር። የእናቴን ቃል ልነግረው ብዬ ተውኩት። አላውቅም አልኩት። ውሃው እንዳይቀዘቅዝበት ፎጣውን አለበስኩት። የተጸጸተ ይመስለኛል። ይቅርታ ግን አላለኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም።

ከእህትዮዋ ጋር ግን መጠያየቅ ጀመርን። ቅዳሜ ከሰዓት አንዳንዴ ልብስ ማጠቢያው ቤት አብረን እንሄዳለን፤ የእሳቸው ማሽን ተበላሽቶ ነበር። እህታቸው እንዴት ያለች ሴት እንደነበረች የሰማሁት እዚያ ማድረቂያው እስኪቆም ስንጠብቅ ነው። ቀልደኛ ነበረች አሉኝ፤ ስትስቅ አፏን በመሐረብ ትሸፍናለች። ባሏ ሥራ የሄደ ቀን ስልክ ደውላ "አሁን ማንም የለም" ትላቸውና ሁለቱ ሴቶች ስለ እናታቸው ቤት እስኪመሽ ያወሩ ነበር። እሱ ለካ ከሥራ ቀድሞ የመጣ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ ያዳምጥ ኖሯል። ይህን የነገራቸው ራሱ ነው፣ በቀብሯ ቀን። "እዚያ ቆሞ ከሚሰማ ገብቶ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?" አሉኝ። የማድረቂያው መስኮት ውስጥ የእሳቸው አንሶላና የእኔ አንሶላ አንድ ላይ ሲዞር አየን። ልብሱን አጥፈን ስንጨርስ የእኔንም የእሳቸውንም ቅርጫት እኔ ተሸከምኩ።

በፀደዩ ልጁ መጥቶ አባቱን እሱ ወዳለበት ስቴት ወሰደው። ቤቱ ተሸጠ። እዚያ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እንደገባ፣ ሐሙስ ሐሙስ ለሌሎቹ ሽማግሌዎች የድሮ ታሪክ እንደሚያወራ እህትዮዋ ነገሩኝ። የትኛውን እንደሚያወራ አልጠየቅሁም። ከዓመት ተኩል በኋላ መሞቱን ሰማሁ። እናቴም ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

ኤጀንሲው የመደበልኝ አዲሷ ደንበኛ ሬንተን መንገድ አጠገብ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ወሬ ይወዳሉ። የመጀመሪያው ቀን ምሳቸውን ሳቀርብላቸው አገሬ የት እንደሆነ፣ በልጅነቴ መብራት ነበረን ወይ፣ እናቴ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ አልኳቸው። ባይኖረንም መብራት ነበረን አልኳቸው። ከዚያ ሾርባው ይቀዘቅዝብዎታል፣ ይብሉ አልኳቸውና ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ።